ወደ ስምህ ሂድ

የአገሪቱን ስም አትጠይቁኝ። ብትጠይቁኝም አልነግራችሁም፤ ስም ምን እንደሚያመጣ ያየሁ ሰው ነኝ። አሁን ዝም ብላችሁ አድምጡ። መሃል ላይ እየገባ «እውነት ነው እንዴ?» የሚለኝ ካለ ከአሁኑ ተነሥቶ ይሂድልኝ። እኔ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት እንኳ እስከ ዛሬ እውነት አልመስል እያለኝ ነው።

አገሪቱ አራት መንገድ የሚገናኝባት ናት። በአንደኛው የሐይቅ ሰዎች ደረቅ ዓሣና ሸንበቆ ጭነው ይመጣሉ። በሌላው የበረሃ ሰዎች ጨው ይዘው ይመጣሉ። ከላይ ከውርጩ የብርድ አገር ሰዎች የበግ ጠጉር ባና ተሸክመው ይወርዳሉ። በአራተኛው ደግሞ እኛ የጫካ ሰዎች ማርና ኮረሪማችንን በበቅሎ ጭነን እንሄዳለን። እኔ ዝግባው እባላለሁ፤ በዚያ መንገድ ስመላለስ ነው ያረጀሁት። ያቺ አገር የራሷ የሆነ ምን ነበራት ብትሉኝ፣ ክፍት በር ነበራት እላችኋለሁ። ሌላ የረባ ነገር አልነበራትም፤ ማሯ እንኳ የእኛ ነበር።

ስለ በራቸው ልንገራችሁ። እዚያ አገር ልጅ ሲወለድ ስም የሚያወጣው አባት አይደለም። እናትም አይደለችም፤ አያትም ቢሆን ምን አገባው። ስም የሚያወጣው ከመንደሩ ውጭ የመጣ፣ ከወሊዱ በኋላ መጀመሪያ የበሩን ደፍ የተሻገረ እንግዳ ነው። ይገባል፣ የአራስ ገንፎ ይቀርብለታል፣ ቀምሶ ሲያበቃ ከአገሩ ያመጣውን ስም ለሕፃኑ ይሰጥና ትርጉሙን ለቤተሰቡ ይናገራል። ከዚያ ወዲያ የስም አባት ነው። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ያ ቤት ቤቱ ነው፤ ጫማውን ያወልቃል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ልጁ ጉልበቱን ይስማል።

ስለዚህ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ወንድማማቾች አንዱ ሞገድ፣ አንዱ ዋርካ፣ እኅታቸው ደግሞ ጤዛ ትባላለች። ሞገድ የሐይቅ ሰዎች ስም ነው፤ ዋርካ የእኛ ነው፤ ጤዛ የብርድ አገር ነው። ሞገድ የተባለው ሰውዬ ግን ሐይቅ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስሙ የሚያሳየው የልጁን ዘር ሳይሆን ያን ቀን በሩ ለማን ክፍት እንደነበረ ነው። ይህን እዚያ አገር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። እኔም እኮ ስንቱን ስም አውጥቻለሁ! ገንፎውን ስበላበት የኖርኩበት አገር ነው።

እንዲህ ሲኖሩ አዲስ ንጉሥ ነገሠ። ገና ከመንገሡ ስሙን የጠራ ሰው ይቀጣል ተባለ፤ «እርሳቸው» ብቻ ነው የሚባለው። እኔም እርሳቸው እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ስማቸው ካፌ አልወጣ አለኝ፣ ምን ላድርግ። እርሳቸው አንድ ቀን ከሰገነታቸው ሆነው ገበያውን ሲመለከቱ ሰዉ ሁሉ ተደባልቆ አዩትና ዓይናቸውን አመማቸው አሉ። በማግስቱ ነጋሪት ተመታ። «ዕቃ እንኳ ቦታ አለው። ሰውም ቦታ ይኑረው። የሰው ቦታው ስሙ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ስሙ አገር ይሂድ!»

ሕዝቡ ሳቀ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ገበያው ሙሉ ሳቀ። ቀልድ መስሏቸው ነበር።

ከዚያ ሹማምንቱ ወጡ። ከድልድዩ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ከፍ ያለ በርጩማ ተተከለና ስም መርማሪው ተቀመጠበት። ከሥሩ ሦስት ሰዎች ቆሙ። አንደኛው ስም ጠሪ ነው፤ ሥራው መጮህ ነው። ሁለተኛው ስም ፈቺ ይባላል፤ ትርጉም ይናገራል። ሦስተኛው ግንባር ቀቢው ነው፤ ከፊቱ በውሃ የራሰ የቀለም አፈር በየገበቴው ተደርድሮለታል፤ ለሐይቅ ሰማያዊ፣ ለበረሃ ቀይ፣ ለጫካ አረንጓዴ፣ ለብርድ አገር ነጭ። ተራው የደረሰ ሰው ባዶ እግሩን ቁርበት ላይ ይቆማል። መርማሪው «ስምህ ማን ነው?» ይላል። ሰውየው ይመልሳል፣ ጠሪው ይጮኻል፣ ፈቺው ይፈታል፣ ቀቢው ግንባሩን በመዳፉ መታ አድርጎ ይቀባዋል። አለቀ። ቀለሙ ሲደርቅ መንገድ ይጀምራል።

አንድ ሰው ግን አንድ ስም ብቻ የለውም። የአባቱ ስም አለ፤ የአያቱ አለ። እነዚህ ደግሞ ሌሎች እንግዶች ያወጧቸው ናቸው። ታዲያ ምን ይሁን? ሹማምንቱ መከሩበትና መፍትሔ አመጡ። ወይ መፍትሔ! እግርህ ወደ ስምህ ይሂድ፤ ንብረትህ ወደ አባትህ ስም ይሂድ፤ ስትሞት ሬሳህ ወደ አያትህ ስም ይሂድ። ይኼን ስሰማ እጄን በአፌ ጫንኩ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ግን ራሱን እየነቀነቀ «ከባድ ቢሆንም ሥርዓት አለው» አለኝ። ግንባሩ ቀይ ነበር!

ጎሕ የሚባል ሸማኔ ቀረበ። ጎሕ ከየትኛው አገር ነው? ፈቺው አሰበ፣ ጺሙን ጎተተ፣ ከቀቢው ጋር ተንሾካሾከ። በመጨረሻ ቀለም ሳይቀባ ሰደዱት። «ወደ ምሥራቅ ሂድ፤ ጎሕ የሚወጣበት እስክትደርስ አትቁም» አሉት። ሰውየው ቁም ነገር መስሎት «ስንቅ ስንት ልያዝ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ የምስቀው ጠፍቶኝ፣ የማለቅሰው ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ።

ከሰዉ መሃል አንዲት ሴት ድፍረት መጣላትና «እናንተስ? የእናንተ ስም የት ነው የሚልካችሁ?» አለች። መርማሪው ከበርጩማው ላይ ሆኖ አልተቆጣም። «ማዕረግ ያለው ሰው ስም የለውም። እኛ ስማችንን ቤተ መንግሥት አስረክበን ነው የተሾምነው» አላት። እውነቱን ነበር። ሚስቱ እንኳ ለምሳ ስትጠራው «መርማሪው፣ ወጡ ቀዘቀዘ» ነው የምትለው አሉ።

አሁን ወደ ወዳጆቼ ልምጣ። በዚያች አገር ኮርቻዬን የሚሰፋልኝ ንዳዱ የሚባል ሰው ነበር። ስሙን የጨው ነጋዴ ነው ያወጣለት፤ የበረሃ ስም ነው። ሚስቱ ጤዛ ትባላለች፤ ባና ሻጭ ያወጣላት የብርድ አገር ስም ነው። ሁለቱም እዚያው ተወልደው፣ አንድ ምንጭ ጠጥተው፣ አንድ ሰፈር ያደጉ ናቸው። ስንት ዘመን ልጅ አጥተው ኖረው፣ ያን ጊዜ ገና አርግዛለት ነበር። ደስታቸውን ልነግራችሁ አልችልም። ንዳዱ ሆዷን እያየ መርፌውን ጣቱ ላይ ይሰካ ነበር።

የንዳዱ ተራ ደረሰና ቁርበቱ ላይ ቆመ። ግንባሩን ቀይ ቀቡት። የአባቱ ስም ሞገድ ስለሆነ ኮርቻው፣ ቆዳው፣ ወስፌው፣ የቤት ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ወደ ሐይቅ ሄደ። የአያቱ ስም ዋርካ ስለነበረ ሬሳው የእኛ ሆነ። በአጠገቤ ሲያልፍ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጋሼ ዝግባው፣ ሬሳዬ የእናንተ ነው ተባልኩ። እንግዲህ ስሞት ተቀበሉኝ።»

«ዝም በል አንተ!» አልኩት።

ጤዛ ነጭ ተቀብታ መሄድ ነበረባት። ነፍሰ ጡር ስለሆነች ግን እስክትገላገል ቆይታ ተሰጣት። ከሆዷ ያለው ገና ስም የለውም፤ ስም የሌለው የሚላክበት አገር የለም ተባለ። ባሏን እስከ ድልድዩ ሸኘችው። ከድልድዩ ወዲያ እንዳትሄድ ዘብ ከለከላት።

እኔ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ዝናብ ሲጀምር እንደገና ማሬን ጭኜ ስሄድ መንገዱ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ግንባራቸው የተቀባ ሰዎች በየኬላው ተኮልኩለው ተቀምጠዋል። ወደ ስማቸው አገር ሄደው የስማቸው አገር አልቀበልም ብሏቸዋል። እኛ ኬላ ላይ አረንጓዴ የተቀባች ልጃገረድ ነበረች፤ የሰፈሬ ሽማግሌዎች «ስሙ የእኛ ነው፤ አንቺን ግን አናውቅሽም» ብለው መልሰዋታል። የገዛ ሰፈሬ ሽማግሌዎች! አፈርኩ። ምናለ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልኩ።

አገሪቱ ስደርስ የባሰ ጠበቀኝ። በሮች ሁሉ ተዘግተዋል። በየደፉ ላይ የእሾህ አጥር ተጎትቷል። ልጆች ከአጥር ኋላ ሆነው ድንጋይ ወረወሩብኝ፤ «እንግዳ! እንግዳ!» እያሉ። በቅሎዬን መቷት። እነዚህ እኮ እግሬን ሲያጥቡኝ የነበሩ ሰዎች ናቸው! ለካ ሰዉ ተቀምጦ አስቦ፣ መከራውን ያመጣው ማን እንደሆነ አገኘ። እርሳቸው አይደሉም። መርማሪው አይደለም። ስም ያወጣው እንግዳ ነው። እንግዳ ባይገባ ኖሮ ስሙ አይኖርም፤ ስሙ ባይኖር ኖሮ ስደቱ አይኖርም። እንዲህ ብለው ተማምነው በራቸውን ዘጉ። ሰው እንዴት እንዲህ ይታለላል? ንገሩኝ እስቲ!

በዝናብ እየተደበደብኩ የንዳዱ ቤት ደረስኩ። እዚያም በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ የጤዛ ድምፅ።

«እኔ ነኝ፤ ዝግባው።»

«ወይኔ ጋሼ! እንዳትገባ! በእናትህ ደፉን እንዳትረግጥ!»

ክው አልኩ። በዚያ አገር ያን ቃል ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ከድንጋዩ ይልቅ እርሱ ነው የመታኝ። ፊቴን አዙሬ ልሄድ ስል አዋላጇ እማማ ባሕሪቱ በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ። እማማ ባሕሪቱ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የተቀበለች አሮጊት ናት፤ ግንባሯ ሰማያዊ ነው፤ «ይህችን ላዋልድና እሄዳለሁ» ብላ ከዘብ ጋር ተጣልታ የቀረች። በቅል ውሃ አቀበለችኝ።

«አትቀየማት ልጄ፤ ዛሬ ጠዋት ወንድ ወለደች» አለችኝ።

«ወንድ!» አልኩ። «ታዲያ ገብቼ ልመርቃት እንጂ!»

«ከገባህ ስም አባቱ ልትሆን ነው። የጫካ ስም ልታወጣለት ነው። ልጁን ወደ ጫካ ሊወስዱት፣ እናቱን ወደ ውርጭ ሊነዷት ነው። ገባህ?»

ገባኝ። እዚያው ከአጥሩ ሥር ዝናቡ እየወረደብኝ ቁጭ አልኩ። ጤዛ ከውስጥ ሆና ታናግረኝ ጀመር፤ ድምፅዋ የደከመ ነው፤ ሕፃኑ ሲጠባ ይሰማኛል።

«ልጄ» አልኳት፣ «አንድ ባና ሻጭ ከብርድ አገር ይምጣና ስም ያውጣለት። ያን ጊዜ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።»

«ሄደን የት እንገባለን ጋሼ? ከተራራው ሥር የተቀመጡትን አላየሃቸውም? ሕፃን እዚያ ብርድ ላይ ስንት ሌሊት ይቆያል? ደግሞስ ንዳዱ ቢመለስ ማን ይጠብቀዋል? ከዚህ ቤት አልወጣም። ልጄም አይወጣም።»

«እና ማንን ልታስገቢ ነው?»

«መርማሪውን» አለች።

«አበድሽ እንዴ!»

«አላበድኩም። ወልዳለች ከተባለ ግንባሬን ሊያስቀባ እዚህ መምጣቱ አይቀርም፤ አራስ ቁርበት ላይ አትቆምምና ቤት ድረስ ይመጣል። ከሰፈሩ ውጭ የመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ደፉን የሚሻገረው እርሱ ከሆነ ስም ማውጣት ግዴታው ነው። እርሱ ደግሞ ያለው ማዕረግ ብቻ ነው። ልጄን በማዕረግ ከጠራልኝ ማን የት ይልከዋል? የሹም እናትንስ ማን ያባርራል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ በደስታ ዘለለ። እነዚያ ሁሉ ጥበበኞች፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ያላሰበውን ይህች አራስ አልጋዋ ላይ ሆና አሰበችው። «ይበልሽ!» አልኩ። «ይበልሽ የኔ ልጅ! ጉድ አደረግሻቸው!» እማማ ባሕሪቱም ከአጥሩ ኋላ ሳቀች፤ ጥርስ የላትም፣ ድዷን እያሳየች ሳቀች።

ዝናቡ ቆም ሲል መጡ። መርማሪው ከነበርጩማው በወጣቶች ትከሻ ላይ ነው፤ ጠሪው፣ ፈቺው፣ ቀቢው ከኋላው። የሰፈሩ ሰው በየአጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ ያያል። እማማ ባሕሪቱ እሾሁን ከደፉ ላይ አነሣችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። መርማሪው ወርዶ፣ እግሩን አንሥቶ፣ ደፉን ተሻገረ። እኔ ከደጅ ሆኜ በበሩ አየዋለሁ።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አለችው ጤዛ። «የቤቴ የመጀመሪያ እንግዳ ነዎት። ገንፎዎን ይቅመሱ።»

መርማሪው ቆመ። ሳህኑን አየ። ቅቤው መሃሉ ላይ ቀልጧል። ቀቢው ገበቴውን ይዞ ወደፊት ሲራመድ መርማሪው በእጁ ከለከለው፤ ተቀመጠና አንድ ጊዜ ቆርሶ ጎረሰ። እርሱም እዚያው አገር የተወለደ ሰው ነው፤ ልማዱን ያውቃል። ልማዱን ካፈረሰ ያ ሁሉ ሕግ የቆመበት ስም ራሱ ይፈርሳል።

«ከአገርዎ ያመጡትን ስም ይስጡልኝ» አለችው።

አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረ። ፊቱ ጠቆረ። ወደ ጠሪው ዞረና «ስም ነበረኝ። ማን ነበር ስሜ?» አለው። ጠሪው አላውቅም አለ። ፈቺው መሬት መሬት አየ። ያ ሰውዬ ያን ያህል ሰው በስሙ ሲሰድ ኖሮ የራሱ ስም ጠፍቶት አፉ ውስጥ ገንፎ እንደያዘ ቀረ። በሕይወቴ ብዙ የደነገጠ ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ፊት ግን አላየሁም። ለጥቂት ጊዜ ያሳዝን ነበር፤ አልዋሽም።

ከዚያ ገንፎውን ዋጠ። «ያለኝን እሰጠዋለሁ። መርማሪ ይባል» አለ።

ልማድ ነውና ትርጉሙ መነገር ነበረበት። ፈቺው ጉሮሮውን ጠረገ። «ትርጉሙ፣ ሌላውን ሁሉ የሚጠይቅ፣ እርሱን ግን ማንም የማይጠይቀው ማለት ነው።»

እማማ ባሕሪቱ እልልታዋን አቀለጠችው። ከየአጥሩም እልልታ መለሱላት። ጤዛ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለችም። እኔም ከደጅ ሆኜ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። አሸነፈች ብዬ!

ፈቺው ግን አልጨረሰም ነበር። እጁን አነሣና እልልታው ጸጥ አለ።

«ሕፃኑ ከእንግዲህ ማዕረግ አለው። ማዕረግ ያለው ስም የለውም። ስም የሌለው አባት የለውም፣ እናት የለውም። የእርሳቸው ነው።»

ጤዛ መጀመሪያ አልገባትም። «እናቱማ እኔ ነኝ» አለች፤ ሰው ስቶ ሲናገር እንደሚያርሙት አድርጋ፣ በለሆሳስ።

«የማን እናት?»

«የልጄ!»

«ልጅሽን ስሙን ጥሪው።»

ምን ብላ ትጥራው?

«አዲስ መርማሪ ሲሾም» አለ ፈቺው ቀጥሎ፣ «ፊቱ የተገኘውን የመጀመሪያ ሰው ሳይመረምር ከቦታው አይነሣም። ፊቱ ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ዞሬ ሰዉን አየሁ፤ ሰዉም ጆሮውን አላመነም፤ ግን ማንም ከአጥሩ ላይ አልወረደም። ሁለት ወጣቶች ገቡ። አንደኛው ጤዛን በትከሻዋ ያዛት። ሌላው ሕፃኑን ከደረቷ ላይ ወሰደው። እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! የጠዋት ልጅ ነው፤ እምብርቱ ገና አልደረቀም። ወሰዱና ያመጡት በርጩማ ላይ፣ ትልቁ መርማሪ ሜዳ ላይ በሚቀመጥበት በርጩማ ላይ፣ በጨርቅ ደግፈው አስቀመጡት። ሕፃኑ ጡት ስለተነጠቀ አለቀሰ።

«‹ስምሽ ማን ነው?› ይላል» አለ ፈቺው፤ ልቅሶውን ሲተረጉም።

«ራበው! ራበው እኮ ነው የሚለው!» ብላ ጮኸች።

«ስምሽ ማን ነው ይላል» አለ ፈቺው እንደገና።

ጥርሷን ነከሰች። ጠሪው በእርሷ ፈንታ «ጤዛ!» ብሎ ጮኸ። «ጤዛ! ጤዛ!» ፈቺው «የብርድ አገር» አለ። ቀቢው ነጩን ገበቴ አቀረበ። የሕፃኑን እጅ፣ እፍኝ የማትሞላዋን እጅ፣ ዘርግቶ ነጩ አፈር ውስጥ ነከራት። ወጣቱ ጤዛን ወደፊት ገፋት፤ ሕፃኑን ወደ እርሷ አስጠጉት፤ እጁን ግንባሯ ላይ ለጠፉት። ሕፃኑ የእናቱን ሽታ አገኘ መሰለኝ ልቅሶውን አቆመ።

«ኧረ በሕግ!» ብዬ ጮህኩ። «ኧረ ሰው የለም እንዴ እዚህ አገር!»

«እንግዳ ቃል የለውም» አለኝ አጅቧቸው የመጣ ዘብ፤ በጦሩ ዘንግ ደረቴን ገፋ አድርጎ። እማማ ባሕሪቱ መሬት ላይ ተዘርራ ደረቷን ትመታ ነበር። ያን ሁሉ ልጅ በእጇ የተቀበለች ሴት «ምነው እጄን በቆረጠው! ምነው በቆረጠው!» ትላለች።

ትልቁ መርማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። ልተፋበት ምራቄን ሰበሰብኩ፤ አፌ ደርቆ ነበር። «ሥራ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው፤ «እኔ አይደለሁም፤ ሥራ ነው» አለኝ። ሕፃኑን ከበርጩማው ጋር ተሸክመው ወደ ቤተ መንግሥት ወሰዱት። ጤዛ እስከ ድልድዩ ስትከተል ልቅሶው ይሰማት ነበር፤ ከዚያ ዘቦቹ ወደ ላይኛው መንገድ መለሷት።

እኔ ማሬን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። ለማን ልሸጥ? በቅሎዎቼን ወደ ላይኛው መንገድ ነዳሁ። ከተራራው ሥር፣ የብርድ አገር ኬላ ጋ፣ ነጭ ግንባር ያላቸው ሰዎች መሃል አገኘኋት። የኬላው ጠባቂዎች አልተቀበሏትም። «ጤዛ የሚባል ስም አለን፤ አንቺን ግን አናውቅሽም» ብለዋታል። ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሷል። ጭጋጉ እየወረደ ነበር፤ ግንባሯን እንዳይነካባት ነጠላዋን አጥፋ በሁለት እጇ ከፊቷ በላይ ይዛዋለች። 

የውሃ ቅሌን ፈትቼ አጠገቧ ተንበረከክሁ። «ልጄ፣ ታጠቢና ያን ነገር አውርጂው። ከእኔ ጋር እንሄዳለን። ጠጅሽ፣ ማርሽ ከቤቴ ነው፤ ሽማግሌዎቹን እኔ አሳያቸዋለሁ። እስቲ ፊትሽን አምጪ» አልኳት።

ወደ ኋላ ሸሸች። ውሃውን ስታይ እባብ ያየች ያህል ሸሸች።

«አይሆንም ጋሼ» አለች። «እንዳትነካው። የልጄ እጅ ነው። ሌላ ነገሩ የለኝም።»

ቀረብ ብዬ አየሁት። እውነትም አምስቱ ጣቶች ይታያሉ። ቅሌን ከደንኩ። ጋቢዬን አወለቅኩና ነጠላዋን ደክሟት እንዳትለቀው ከላይ ደረብኩላት። ጭጋጉ ይገለጥ እንደሆነ ብለን እዚያው ተቀመጥን።